ነፍስን ፎቶ ለሚያነሳ የተተወ ውርስ

ጄምስ ኪድ ብቸኛና ቆጣቢ ሰው ነበር። አሪዞና ውስጥ በመዳብ ማዕድን ኩባንያ ተቀጥሮ የሠራ፣ ወርቅ ፍለጋ ተራራ ለተራራ የሚንከራተት፣ ሚስትም ልጅም ያልነበረው። እ.ኤ.አ. በ1949 ወደ ተራራ እንደሄደ በዚያው ቀረ፤ አስከሬኑም አልተገኘም። ከዓመታት በኋላ ባንክ ያስቀመጠው ሳጥን ሲከፈት በገዛ እጁ የጻፋት አጭር ኑዛዜ ወጣች። መቃብሬ ላይ ለሚሰናበተኝ ሰባኪ 100 ዶላር ስጡልኝ፤ የቀረው ሀብቴ ሰው ሲሞት ከሥጋው የምትለይ ነፍስ መኖሯን በሳይንስ ለመመርመር ወይም ለማረጋገጥ ይዋል፤ ውሎ አድሮ ነፍስ ስትወጣ ፎቶ ማንሳት የሚቻል ይመስለኛል፤ ይላል ፍሬ ነገሩ። (ሰባኪው የሚቆምበት መቃብር እስካሁን የለም።)

ያ ድሃ መሳይ ሰው በአክሲዮንና በጥሬ ገንዘብ የተወው ሀብት ወደ 200 ሺህ ዶላር ይጠጋ ነበር። ወሬው ሲሰማ ከ100 በላይ ጠያቂዎች ተሰለፉ። በ1967 ፊኒክስ ከተማ ውስጥ በተሰየመው ችሎት የፍልስፍና መምህር፣ የአእምሮ ሐኪም፣ መናፍስት አያለሁ ባይ፣ የምርምር ማኅበር፣ ሁሉም በየተራው እየቆመ ነፍስን ለማስረዳት ተሟገተ። ጋዜጠኞች ደግሞ እንዲህ ያለ ሠርግና ምላሽ ከየት ያገኛሉ?

ዳኛው ሮበርት ማየርስ ለሳምንታት ሲያዳምጥ ቆይቶ ገንዘቡን እዚያው ፊኒክስ ላለው የባሮው የነርቭ ሕክምና ተቋም ወሰነለት። እንዲህ ያለ ምርምር የሚሻለው በሕክምና ሳይንስ፣ በአእምሮ ሕክምናና በሥነ ልቦና ቢካሄድ ነው ከሚል ሐሳብ። የተሸነፉት ይግባኝ አሉ። በ1971 የአሪዞና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው፤ ሟቹ የነርቭ ሥርዓት ይጠናልኝ አላለም፣ ያለው ሌላ ነው ብሎ። ገንዘቡም በመጨረሻ ኒውዮርክ ወዳለው የአሜሪካ የሳይኪክ ምርምር ማኅበር ሄደ።

ይህን ታሪክ የማነሳው ክርክሩ ዛሬም ስላልተዘጋ ነው። ንቃተ ህሊና ከሞት በኋላ ይቀጥላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ማስረጃ ከማን እንጠብቅ? አንጎልን ከሚያጠናው ሐኪም ወይስ ሞተው የተመለሱ ሰዎችን ምስክርነት ከሚሰበስበው? እኔ ግን የኪድ ኑዛዜ ውስጥ ሁለቱም ወገን ያለፋት አንዲት ነገር አለች እላለሁ። ሰውየው ምስክርነት አልጠየቀም። የጠየቀው ፎቶ ነው። ያመነም ያላመነም እኩል የሚያየው ነገር።

ማኅበሩ በገንዘቡ ምን ሠራ? ካርሊስ ኦሲስና ኤርለንዱር ሃራልድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ሕንድ ውስጥ ሐኪሞችንና ነርሶችን እየዞሩ፣ ታካሚዎቻችሁ ሊሞቱ ሲያጣጥሩ ምን አየን አሏችሁ ብለው ጠየቁ፤ ቀደም ሲል አሜሪካ ውስጥ ከተሠራ ተመሳሳይ ጥናት ጋርም አስተያዩት። ውጤቱ በ1977 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። የሚገርመው አሜሪካውያኑ በብዛት የሞቱ ዘመዶቻቸውን ማየታቸው፣ ሕንዳውያኑ ግን ይበልጥ ሃይማኖታዊ አካላትን፣ ለምሳሌ የሞት አምላክ የያማን መልእክተኞች ማየታቸው ነው። አንዳንድ ሕንዳውያን ታካሚዎችም አንሄድም ብለው ተሟግተዋል። የኛዎቹን የዩቲዩብ ምስክርነቶች ለምታዩ ይህ እንግዳ አይሆንባችሁም፤ ጎንደሬዋ እናት ስትመለስ የምትተርከው ስለ ቅዱሳንና ስለ መላእክት ነው፤ የያማ መልእክተኛ መጣብኝ ያለች እስካሁን አልሰማሁም። ይህ ብቻውን ምስክሮቹን ውሸታም አያደርጋቸውም። ሰው ያየውን የሚተረጉመው በሚያውቀው ነው። ግን ፎቶ አይደለም።

ለፎቶ የተቃረበው ከብዙ ዓመታት በኋላ ሳም ፓርኒያ የተባለ ሐኪም ነው። ልባቸው ቆሞ በሕክምና ርዳታ የተመለሱ አንዳንድ ሰዎች፣ ከጣሪያው ሥር ሆኜ ሐኪሞቹ ደረቴን ሲጫኑ አይ ነበር ይላሉ። ፓርኒያና ባልደረቦቹ እንግዲያው እንፈትነው አሉ። በብሪታንያ፣ በአሜሪካና በኦስትሪያ 15 ሆስፒታሎች ውስጥ፣ ጣሪያው አጠገብ መደርደሪያ ሰቅለው ከላይ ለሚመለከት ብቻ የሚታይ ሥዕል አስቀመጡ። ኪድ ነፍስን ፎቶ እናንሳ አለ፤ እነዚህ ነፍስ ካለች ፎቶውን አይታ ትንገረን አሉ። ከዚህ የተሻለ ሐቀኛ ፈተና አላውቅም፤ ሊወድቁበት የሚችሉትን ፈተና በገዛ እጃቸው ሰቅለዋልና።

በ2014 የታተመው ውጤት ግን ልብ ይሰቅላል። ከ2,060 የልብ መቆም አጋጣሚዎች ተርፈው ለቃለ መጠይቅ የበቁት 140 ብቻ ናቸው። አብዛኛው ሞቷል፤ ይህን መርሳት የለብንም፣ ምስክርነት የምንሰማው ከተመለሱት ብቻ ነው። ከነዚህ መካከል በዚያች ሰዓት የሆነውን አየን ሰማን ያሉት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው የተናገረው ከእውነታው ጋር ገጥሟል። ሁለቱም ልባቸው የቆመው ግን መደርደሪያ ባልተሰቀለበት ክፍል ነው! በ2023 የወጣው ተከታይ ጥናት ሥዕሉን በታብሌት አደረገው፤ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ድምፅም ጨመረበት። 567 ታካሚዎች፣ 53 የተረፉ፣ 28 የተጠየቁ። ሥዕሉን ያየ የለም። በጆሮው የተነገሩትን የፍራፍሬ ስሞች ያስታወሰ ግን አንድ ሰው ነበር።

ያው ጥናት ለነርቭ ሐኪሞቹም ስንቅ ሆነ። ደረት እየተጫኑ ልብን ለማስነሳት ሲታገሉ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይቶ እንኳ በአንዳንዶቹ አንጎል ላይ የነቃ ሰው የሚመስል የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ተመዝግቧል። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያለችው ጂሞ ቦርጂጊንም በ2013 በሚሞቱ አይጦች፣ በ2023 ደግሞ የመተንፈሻ መሣሪያ ከተነሳላቸው አራት ታካሚዎች በሁለቱ አንጎል ላይ ድንገተኛ የእንቅስቃሴ ግርግር አይታለች። እንግዲህ አንጎል እኛ በምናስበው ፍጥነት አይጠፋም ማለት ነው። አንዱ ይህን ሲያነብ "ያ ሁሉ ራእይ የአንጎል ሥራ ነው" ይላል፤ ሌላው "ሞት መጨረሻ አይደለም" ይላል። ጥናቱ ሁለቱንም አላለም።

(የባሮው ነገር ደግሞ ያስቀኛል። ውርሱን የተነጠቀው ያ ተቋም በ1991 አንዲት ዘፋኝ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ያደረገችበት ነው። ሰውነቷ ቀዝቅዞ፣ ልቧ ቆሞ፣ ደም ከአንጎሏ ወጥቶ ታከመች፤ ስትነቃም መሣሪያውን አይቻለሁ፣ ንግግራቸውን ሰምቻለሁ አለች። ስለ ነፍስ በሚወጡ መጻሕፍት ሁሉ ትጠቀሳለች። ተጠራጣሪዎቹ የሚመልሱት አየሁ ሰማሁ ያለቻቸው ነገሮች የሆኑት ልቧ ከመቆሙ በፊት፣ በማደንዘዣ ሥር ሳለች ነው ብለው ነው። ኪድ ይህን ቢሰማ ፎቶው የታለ ማለቱ አይቀርም።)

እኛ ጋ የሚደርሰው ግን ይህ ሁሉ ዝርዝር አይደለም። ቴሌግራም ላይ የሚመጣው "ሳይንስ አረጋገጠ" የሚል ርዕስና ከሥሩ "ለወዳጆችዎ ያጋሩ" ነው። ፍትሐት አስፈትተን፣ ተዝካር አውጥተን፣ ወይም ዱዓ አድርገን ስናበቃ ሌሊት ስልካችን ላይ ይህን የምንፈልገው እምነታችን ስላነሰ አይመስለኝም። እምነት ነፍስ እንደማትሞት ነግሮናል። ሐዘን የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ እናቴ አሁን ታውቀኛለች ወይ? ናፍቄያታለሁ ወይ? ለዚህ መደርደሪያ የሰቀለ ላቦራቶሪ የለም፣ ሊኖርም አይችልም። መደርደሪያው የሚመልሰው እጅግ ጠባብ ጥያቄ ነው፤ ሥዕሉ ታየ ወይስ አልታየም። ስለዚህ ርዕሱን የሚጽፉት ሰዎች ጠባቡን ጥያቄ ለሰፊው ሐዘን ይሸጡልናል፤ ቅር የሚለኝም ይኼ ነው።

የላስ ቬጋሱ ባለሀብት ሮበርት ቢጌሎው ባለቤቱን በሞት ባጣበት ዓመት፣ በ2020፣ ንቃተ ህሊናን የሚያጠና ተቋም አቋቋመ። በዓመቱ ከሞት በኋላ ስለመቀጠሉ ምርጡን ማስረጃ ላቀረበ 500 ሺህ ዶላር ብሎ የድርሰት ውድድር አወጀ። በጠቅላላው ወደ 1.8 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ሐዘኑን አከብራለሁ። ውድድሩ የሸለመው ግን ያለውን ምስክርነት አሳምሮ የሚከራከርን እንጂ አዲስ ፈተና የሚሰቅልን አልነበረም። የሚናፍቀው ሰው ያልነበረው ኪድ፣ ለጥያቄው ያለው አክብሮት ይበልጣል እላለሁ።

እኔ በ1967ቱ የዳኛ ወንበር ላይ ብቀመጥ ኖሮ ገንዘቡን ለባሮውም ለኒውዮርኩ ማኅበርም አልሰጥም ነበር። መደርደሪያ እስኪሰቀል አስቀምጠው ነበር። ከፓርኒያ የመጀመሪያ ጥናት የልብ መቆም አጋጣሚዎች መደርደሪያ ባለበት ክፍል የሆኑት 22 በመቶው ብቻ ናቸው። የጎደለው ሆስፒታል ነው፣ ክፍል ነው፣ ሌሊት ተነስቶ የሚሮጥ ነርስ ነው፤ ይህ ሁሉ በገንዘብ ይገኛል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አስገባበታለሁ፤ ሥዕሉን ማንም ሳያየው ቢቀርም ውጤቱ በዚያው መጠን ደምቆ ይታተም። እናንተስ ለማን ትፈርዱ ነበር?