የፕላዝማው ትውልድ ልጁን ሲያስተምር

ዛሬ ልጆቻቸውን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሚያመላልሱ ወላጆች ብዙዎቹ 9ኛ ክፍልን የተማሩት ከቴሌቪዥን ነው። በ1997 ዓ.ም. ግድም 9ኛ የገባ ልጅ ዛሬ 35 ዓመት አካባቢ ሆኖታል። ወልዷል፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ይከፍላል፣ ማታ ማታ የቤት ሥራ ያሠራል። ይህን ሰው ስለ አስተማሪዎቹ ጠይቁት፤ በስክሪን ያስተማሩትን የአንዳቸውንም ስም አይጠራላችሁም።

ለማያስታውስ ሰው ነገሩ እንዲህ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ ከክፍሉ ፊት በተሰቀለው ፕላዝማ ይታያል። ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም ለተማሪው ጆሮ እንግዳ በሆነ ቅላጼ። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ስክሪኑ ይወስደዋል፤ ለመምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ትተርፈዋለች። ፕላዝማው ጥያቄ ያቀርባል፣ ሰከንድ ይቆጥራል፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። ከኋላ የተቀመጠው ተማሪ ያን ጊዜ ገና ጥያቄውን እየገለበጠ ነው። መብራት ከጠፋማ የዕለቱ ትምህርት አመለጠ፤ ስርጭቱ ማንንም አይጠብቅም።

የዚያ ዘመን ተማሪዎች ሲገናኙ ማንም ሳይመልስ «ቬሪ ጉድ» ብሎ ስለሚያልፈው ፕላዝማ አውርተው ይስቃሉ። ቁም ነገሩ ሲነሳ ግን ወሬው ወደ ሌላ ሰው ይዞራል። ስክሪኑ ሲጠፋ በተረፈችው ደቂቃ ጠመኔ አንስቶ «ያሉት እኮ ይህንን ነው» እያለ በአማርኛ ያፍታታላቸው ወደነበረው መምህር። በወረቀት ላይ የእሱ ድርሻ አጋዥነት ብቻ ነበር። ያስተማረው ግን እሱ ነው።

አያቶችም ከዚህ የራቀ ነገር አያወሩም። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበትነው ነበር። ህንዳውያን መምህራንም በዚያው ዘመን በርካታ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ከኬራላ የመጡ። በንጉሡ ዘመን የተማረ ሽማግሌ የሒሳብ መምህሩን ህንዳዊ አነጋገር ዛሬም አስመስሎ ያሳያችኋል፤ ሒሳቡንም አልረሳውም።

ትዝታው ሁሉ ማር ነው ማለት አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። የፕላዝማው ትውልድ አንደኛ ክፍል የገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሆኖም አርጩሜውን፣ የውሃ ጎማውን፣ በጠጠር ላይ መንበርከኩን በደንብ ያውቀዋል። «ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» የሚል ወላጅ ዛሬም አይጠፋም። ይህ ጸሐፊ በዚህ አይስማማም። ስለ ገራፊው መምህር ሲወራ የሚወራው ስለ ዱላው ነው፤ ከዱላው ጋር ምን እንዳስተማረ የሚያስታውስ ስንት ሰው አለ?

አሁን ወደ ልጆቹ እንምጣ። በመጋቢት 2012 ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ የቤት ሥራው በቴሌግራም መላክ ጀመረ፤ በሽታው አለፈ፣ ቴሌግራሙ ግን እንዳለ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣም መጽሐፉ ታትሞ እስኪደርስ ብዙ ቤት በስልክ ላይ በፒዲኤፍ ይነበብ ነበር። ወላጅ የክፍያ ማስታወቂያው፣ የፈተና ፕሮግራሙ፣ የሰርቪሱ መዘግየት ሁሉ በየደቂቃው ይደርሰዋል። አስተማሪዋን ግን የሚያውቃት «ሚስ» በሚል ብቻ ነው። በግል ትምህርት ቤት ደግሞ የመስከረሟ ሚስ በየካቲት ላትኖር ትችላለች፤ የተሻለ የሚከፍል ካገኘች ትሄዳለች፣ ማን ይፈርድባታል!

ወላጅ ልጁ እንዳይወድቅበት ያለው ፍርሃት የታወቀ ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሹን ነጥብ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1 ሺህ በላይ ሆኑ። ብዙ ወላጅ አስጠኚ ይቀጥራል፤ ትምህርት ቤት ሲመርጥም ሕንፃውን ያያል፣ የልጆቹን እንግሊዝኛ ያዳምጣል፣ የቤት ሥራውን ብዛት ይለካል። ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። ይኸው ወላጅ ስለ ራሱ ልጅነት ሲያወራ ስለ ሕንፃ አንድ ቃል አይተነፍስም። ወንበር ጠቦ ለሦስት መቀመጡን በቀልድ ያልፈዋል። የሚያወራው ስሙን ስለምታውቅ መምህርት፣ ደብተሩን አይቶ «አንተ እኮ ትችላለህ» ስላለው መምህር ነው። የራሱን ልጅ ሊያስመዘግብ ሲሄድ ግን ስለ መምህሩ የሚጠይቀው ነገር የለም።

እንግዲህ የሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ስለ ዩኒፎርሙ ቀለምና ስለ ሰርቪሱ ዋጋ ብቻ አትከራከሩ። የልጃችሁን መምህር ሙሉ ስም ጠይቁ፤ በትምህርት ቤቱ ስንት ዓመት እንደቆየ ጠይቁ፤ ዳይሬክተሩንም፣ እንዲቆይ ምን እንደሚያደርጉለት በግልጽ ጠይቁት። የክፍያ ጭማሪ በመጣ ቁጥር ከጭማሪው ስንቱ ለመምህሩ እንደሚደርስ ማወቅ የከፋዩ መብት ነው።