ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ፦ ተራራውን የሚያሳየው የአገሬው ልጅ ነው



ስለ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሲወራ በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድመው የሚመጡት ቆላ፣ ሙቀትና ወርቅ ናቸው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በጉባ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተጨምሮበታል። ተራራ ትዝ የሚለው ሰው ግን ጥቂት ነው። ይሁንና ክልሉ ግማሽ ስሙን ያገኘው ከድንጋይ ነው። በቤርታ ቋንቋ «ቤላ» ድንጋይ ማለት ሲሆን፣ «ቤላ ሻንጉል» የሻንጉል ድንጋይ እንደ ማለት ነው። በአሶሳ፣ በሖሞሻ፣ በመንጌና በኩርሙክ ዙሪያ የተዘዋወረ ሰው ስሙ በከንቱ እንዳልወጣ ይረዳል። ከሜዳው መካከል ብድግ ያሉት የድንጋይ ኮረብቶች አናታቸው ራቁቱን፣ ወገባቸው ደግሞ በሽመልና በቁጥቋጦ ተሸፍኖ ይታያል።

ይህንን አገር ለማየት የሚበጀው ጥቂት ሆኖ፣ በአንድ መኪና፣ በአገሬው ልጅ እየተመሩ መሄድ ነው። ለምን እንዲህ እንደምንል፣ ከእኛ ከጎብኚዎቹም አልፎ ለተራራውና ለአራዊቱ ምን እንደሚጠቅም በዚህ ጽሑፍ ልናካፍላችሁ ወደናል።

መንገዱ

አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ የማንጎ ዛፍ የሞላባት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በነጆና በመንዲ አድርጎ የሚሄደው መንገድ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአውሮፕላንም ይደረሳል። ከአሶሳ ተነስቶ በሖሞሻ በኩል እስከ ሱዳን ድንበር፣ እስከ ኩርሙክ ድረስ ያለው መንገድ ደግሞ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ቁጥሩ ሲታይ አጭር ነው። ነገር ግን በዚህች አጭር መንገድ መኪናው ከወይና ደጋው ተነስቶ ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለው ቆላ ይወርዳል። አየሩ ይለወጣል፣ ሣሩ ይለወጣል፣ ዛፉም ይለወጣል።

እኛ የተጓዝነው በኅዳር ወር ነበር። ዝናቡ ቆሞ፣ ሣሩ ወርቃማ መልክ ይዞ፣ ሰማዩ የጠራበት ጊዜ ነው። ሁለቱን ልጆች ጨምሮ ስድስት ሆነን፣ ሾፌሩና አስጎብኚያችን ተጨምረው በአንድ መኪና ተሳፈርን። የፈጅርን ሶላት ሰግደን ጎሕ ሲቀድ መንገድ ጀመርን። ለዚህ ምክንያት አለው። አራዊት የሚታዩት ፀሐይዋ ሳትበረታ ማለዳ፣ ከዚያም ዐሱር አልፎ ሙቀቱ ሲበርድ ነው። ቀትር ላይ አራዊቱም እንደ ሰው ጥላ ፍለጋ ይገባሉ።

ከፊት ወንበር የሚቀመጠው ሰው

አስጎብኚያችን የሖሞሻ ተወላጅ የሆነ የቤርታ ወጣት ነበር። ቤርታኛ የአፍ መፍቻው ነው፤ ዐረብኛና አማርኛም አቀላጥፎ ይናገራል። መኪናው ውስጥ ከፊት ወንበር እንዲቀመጥ የፈለገው ለክብር እንዳልነበረ ብዙም ሳንርቅ ተረዳን። እኛ ድንጋይ ብቻ በምናይበት ኮረብታ ላይ እርሱ የዝንጀሮ መንጋ አየ። «ሞተሩን አጥፋው፣ በሩን ማንም አይክፈት» አለ። በጸጥታ ጥቂት ደቂቃ ከቆየን በኋላ ድንጋይ የመሰሉን ነገሮች መንቀሳቀስ ጀመሩ። እናቶቹ ልጆቻቸውን በጀርባቸው አዝለዋል። አንድ ትልቅ ወንድ ከሁሉ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ሆኖ እኛን ይመለከታል። ከልጆቹ አንዱ ብስኩት ሊወረውር መስኮት ሲከፍት አስጎብኚው በትሕትና ከለከለው። ከመኪና መብል የለመደ ዝንጀሮ ሰው መፍራቱን ይተዋል፤ ነገ የገበሬውን ማሽላ ይዘርፋል፣ ከዚያም ይገደላል ሲል አስረዳው።

ወረድ ብለን በወንዙ ዳር ካሉት ዛፎች ላይ ጦጣዎች አየን። ጅግሮች በመንጋ መንገዱን አቋርጠው ሮጡ። በተቃጠለ ሣር ላይ ሁለት እርኩሞች ከባድ እርምጃቸውን እየረገጡ ነፍሳት ሲለቅሙ ልጆቹ ከመደነቃቸው የተነሳ መናገር አልቻሉም። አንዲት ድኩላ ደግሞ ከሽመሉ ጥግ ብቅ ብላ ጆሮዋን አቁማ አየችንና ተሰወረች። አንበሳና ዝሆን አገኛለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው ቅር ይለው ይሆናል። ጉማሬና አዞ ማየት የፈለገም በዚህ መንገድ ላይ ሳይሆን ወደ ዳቡስና ወደ ዓባይ ወንዝ መውረድ አለበት። ከድንጋይና ከጫካ መካከል ሕያው ፍጥረትን በትዕግሥት ፈልጎ ማግኘትን ለልጆቹ ማስተማር የፈለገ ወላጅ ግን የሚፈልገውን ያገኛል።

ሖሞሻ ስንደርስ አስጎብኚያችን ከጥላ ሥር ተቀምጠው ለነበሩ አንድ አዛውንት «ዐሚ፣ እንግዶች ይዤ መጣሁ» ብሎ በቤርታኛ ሰላምታ አቀረበ። አዛውንቱም «መርሐባ፣ እንግዳ በረካ ነው» ብለው ከገንፎና ከከንከሴ ወጥ እንድንቀምስ ለመኑን። ከንከሴ ሌላው አገር ባሚያ የሚለው አትክልት ነው። ያለ አስጎብኚው ይህን ቤት ባለፍነው፣ አዛውንቱም ባለፉን ነበር።

የኮረብቶቹ ታሪክ

እነዚህ ኮረብቶች የሰው ልጅ ታሪክ ተሸካሚዎችም ናቸው። በአሶሳ አካባቢ ካሉት የድንጋይ መጠለያዎች በአንዳንዶቹ ውስጥ የስፔን አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያዎችን አግኝተዋል፤ ጥናታቸውንም እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትመዋል። አካባቢው በወርቁ የተነሳ የሩቅ ገዥዎችን ዓይን ሲስብ ኖሯል። የግብፁ ገዥ መሐመድ ዐሊ ወርቅ ፍለጋ እስከዚህ አካባቢ ድረስ ጦር ልኮ ነበር። በ1890 ዓ.ም. ደግሞ በራስ መኮንን ዘመቻ የአሶሳ፣ የቤላ ሻንጉልና የሖሞሻ ሼኾች ግዛቶች ወደ አፄ ምኒልክ መንግሥት ተጠቃለሉ። ከሼኾቹ ስሙ የገነነው ሸይኽ ኾጀሌ አል ሐሰን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእርሱ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ታሪክ ሲነገር ሙሉውን መናገር ተገቢ ነው። በዚያ ዘመን ከእነዚህ ተራሮች ሥር የወጣው ወርቅና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልነበረም። ሰውም ተሸጧል። ደካማው ወደ ኮረብታው የወጣው ለጉብኝት ሳይሆን ለመሸሸግ ነበር። ልጆቻችን ኮረብታውን ሲያዩ ይህንንም ቢሰሙ የሰውን ልጅ ክብር ይማሩበታል እንጂ አይጎዱበትም።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ በ1977ና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ የተጎዱ ብዙ ወገኖቻችን ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች መጥተው በአሶሳ ዙሪያ ሰፍረዋል። አምባ 14ን የመሰሉ በቁጥር የሚጠሩ ቀበሌዎች የዚያ ጊዜ ማስታወሻ ናቸው። ዛሬ በአሶሳ ገበያ የወሎ አነጋገርና ቤርታኛ ጎን ለጎን ይሰማሉ።

ሽመሉ ከሄደ

ጉዞው ሲያስደስተን የዋለውን ያህል ያሳሰበንም ነገር ነበር። አራዊቱን ያየነው ሽመል ባለበት ነው። ሽመል የቆላ ቀርከሃ ሲሆን በአገራችን በብዛት የሚገኘው በዚህ ክልል ነው። የአካባቢው ሰው ቤት ይሠራበታል፣ አጥር ያጥርበታል፣ ቅርጫት ይሠራበታል፣ ለጋ ቡቃያውንም ቀቅሎ ይመገበዋል። ለዝንጀሮው፣ ለድኩላውና ለጅግራው ደግሞ ቤታቸው ነው።

ሽመል ከሌላው ዛፍ የሚለይበት ጠባይ አለው። ብዙ ዓመት ኖሮ አንድ ጊዜ በአንድነት ያብባል፤ ዘሩን ያራግፍና መላው ጫካ ይደርቃል። ጫካው የሚተካው መሬት ላይ ከወደቀው ዘር በሚበቅለው ችግኝ ነው። ታዲያ በዚያን ጊዜ በየዓመቱ በበጋ የሚለቀቀው የሣር እሳት ከመጣ፣ ወይም ከብት ከገባበት፣ ወይም ደርቋል ተብሎ ለእርሻ ከተመነጠረ ሽመሉ ተመልሶ አይመጣም። በየመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሮ ስናይ ይህን አሰብን። ከሰል የሚሸጠውን እናት መውቀስ ግን ፍትሕ አይደለም። ልጆቿን የምታበላበት ሌላ ነገር ከሌላት ምን ታድርግ?

መልሱን በከፊል ያገኘነው ከአስጎብኚያችን አፍ ነው። «አባቴ አዳኝ ነበር» አለን። «ድኩላ ባየ ቁጥር የሚታየው ሥጋ ነበር። እኔ ዛሬ ድኩላ ሳይ የልጄ ደብተርና ዩኒፎርም ይታየኛል። ድኩላዋ ከሞተች ግን ማን ይመጣልኛል?» አራዊት በሕይወት ቆመው ለአገሬው እንጀራ ከሆኑ የሚጠብቃቸው አገሬው ራሱ ነው። ለዚህም ነው ያለ አስጎብኚ የሚያልፍ መኪና ለተራራው አቧራ ብቻ ትቶለት ይሄዳል የምንለው።

የሰሜን ተራሮች ምሳሌ

ይህ ሐሳብ በአገራችን አዲስ አይደለም። በአማራ ክልል የሚገኘው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ወደ ፓርኩ የሚገባ ጎብኚ ደባርቅ ከሚገኘው ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፤ ስካውት የሚባል ጠባቂም አብሮት ይሄዳል። መኪናው ሳንካበርን አልፎ እስከ ጨነቅ ይወጣል። ጎብኚውም ጭላዳን በመንጋ፣ ዕድል ከቀናው ዋልያን በገደሉ አፋፍ ላይ ያያል። ከዚህ ሥርዓት የደባርቅና የአካባቢው ሰዎች በአስጎብኚነት፣ በስካውትነት፣ በምግብ አብሳይነትና በበቅሎ ኪራይ ኑሯቸውን ደጉመዋል።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ብቻውን በቂ እንዳልሆነም ከዚያው እንማራለን። የዋልያ ቁጥር በመመናመኑና እርሻና ግጦሽ በመስፋፋቱ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ተመድቦ፣ ከመዝገቡ የወጣው በ2017 ነው። ሃያ አንድ ዓመት መሆኑን ልብ በሉ! ማጥፋት ቀላል ነው፤ መመለስ ግን የአንድ ትውልድ ሥራ ነው። ሰላም ሲደፈርስም ከሰው ቀጥሎ የሚጎዱት አራዊትና ጫካ ናቸው።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝም ይህ አልቀረም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በካማሺና በመተከል ዞኖች በደረሱ ግጭቶች የብዙ ወገኖቻችን ሕይወት ጠፍቷል፣ ብዙዎችም ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲጀመር ደግሞ ኩርሙክ የስደተኞች መግቢያ በር ሆናለች። ስለዚህ ኩርሙክ የሚደርስ ተጓዥ ከተራራው በፊት ሰውን ማየት ይገባዋል።

ለሚሄዱ ቤተሰቦች

ለመሄድ ለምትነሱ የሚከተለውን እንመክራለን። አንደኛ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ጸጥታ የአካባቢውን አስተዳደርና ነዋሪውን ጠይቁ፤ አይሆንም ካሏችሁ ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ሁለተኛ፣ ከአንድ መኪና ሰው አትብዙ። በአውቶቡስ ሙሉ ጩኸት የመጣ ጎብኚ የሚያየው የአራዊቱን ጀርባ ነው። ሦስተኛ፣ አስጎብኚውን ከአሶሳ ወይም ከምትሄዱበት ወረዳ ያዙ፤ ክፍያውንም አስቀድማችሁ ተነጋግራችሁ ሳትከራከሩ ስጡት። አራተኛ፣ ያለ እርሱ ፈቃድ ከመንገድ አትውጡ፣ ልጆቻችሁንም አትልቀቁ። በወርቅ ቆፋሪዎች የተተዉ ጉድጓዶች በሣር ተሸፍነው ሊገኙ ይችላሉና። አምስተኛ፣ ውኃ በብዛት ያዙ፤ ላስቲኩን ይዛችሁ ተመለሱ። ስድስተኛ፣ ወርቅ የሚያጥቡ ሴቶችን ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ። ስለ ሶላትና ስለ ሐላል ምግብ የሚያሳስብ ነገር የለም፤ በየከተማው መስጊድ አለ፣ ሕዝቡም በአብዛኛው ሙስሊም ነው።

የአሶሳ፣ የባምባሲና የሖሞሻ ወጣቶች ሆይ! ለእናንተም አንድ ቃል አለን። ዐረብኛውን፣ አማርኛውንና ቤርታኛውን ታውቃላችሁ፤ የእያንዳንዱን ኮረብታ ስም ታውቃላችሁ። ይህ ዕውቀት ሀብት ነው። ተደራጅታችሁ፣ የአራዊቱን ጠባይ አጥንታችሁ፣ እንግዳ ተቀባይነታችሁን ይዛችሁ ብትነሱ ሽመሉ ሲያብብና ሲደርቅ ችግኙን ከእሳት የምትጠብቁት እናንተው ትሆናላችሁ። ወላጆች ሆይ፣ እናንተም በበኩላችሁ ለልጆቻችሁ ድኩላን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ አታሳዩ። ሽመሉ ቆሞ ሳለ፣ ድኩላዋም ከጥጉ ብቅ ስትል፣ ይዛችኋቸው ሂዱ።