አልገጥም ያለው አጥንት

በጅቡቲ ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ኑሯችን ከወደቡና ከጋላፊው የጭነት መኪና መንገድ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ በመካከላችን በክራንች የሚሄድ ሰው አይታጣም። ከእነዚህ አንዱ በቅርብ የምናውቀው የልጆች አባት ሾፌር ነው። ቅልጥሙ ከተሰበረ 10 ወር አልፎታል፤ ቁስሉ ሽሯል፤ ራጁ ግን ስንጥቁን ዛሬም ያሳያል። ቤቱን የምትመራው ባለቤቱ ናት። የወታደር ቤተሰብ ይህን ጭንቀት ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ከቁስል በኋላ የሚቀረው ትግል በትዕግሥት የሚካሄድ ነውና።

ለመሆኑ አጥንት ስለ ምን ይዘገያል? የቅልጥም አጥንት ከፊት በኩል በቆዳ እንጂ በሥጋ ስላልተሸፈነ የሚደርሰው ደም ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ቁስሉ ካመረቀዘ፣ የአጥንቱ ጫፎች ሳይጸኑ ከተነቃነቁ ወይም ታማሚው ሲጋራ ካጨሰ ፈውሱ ይጓተታል። ሐኪሞች በተለምዶ 9 ወር ሞልቶት በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ለውጥ ያላሳየውን ስብራት አልገጥም ያለ ይሉታል።

እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካዊው ሐኪም ማርሻል ዩሪስት፣ ማዕድኑ የወጣለት አጥንት በእንስሳ ጡንቻ ውስጥ ሲቀበር አዲስ አጥንት እንደሚያበቅል አስታወቁ። ምሥጢሩ በአጥንት ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነበር፤ በአካባቢው ያሉትን ሕዋሳት አጥንት ሠሪ እንዲሆኑ ያዝዛቸዋል። ዛሬ ይህ ፕሮቲን በላቦራቶሪ ይመረታል። በደም ሥር ቢሰጥ ተበትኖ ስለሚጠፋ፣ ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ከኮላጅን የተሠራ ስፖንጅ በእርሱ አርሶ በስብራቱ ላይ ያኖረዋል። ትእዛዙ ለጦሩ ሁሉ ሳይሆን ለአንዱ ምሽግ ብቻ ይደርሳል እንደ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመና 450 ታማሚዎች በተካፈሉበት ጥናት፣ ከፍ ያለው መጠን ከተሰጣቸው መካከል ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው ያነሱ ነበሩ። በ2004 አሜሪካ ቆዳን ቀዶ ለወጣ የቅልጥም ስብራት ፈቀደችው። በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ግን ፈውሱን ጉልህ በሆነ መጠን እንዳላፋጠነ አሳየ። ዋጋው በሺህ ዶላር የሚቆጠር ነው፤ እብጠት ሊያስከትል ይችላል፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም።

ስለዚህ ከታማሚው ከራሱ ዳሌ አጥንት ወስዶ መትከል ዛሬም የታመነው መንገድ ነው። ወዳጃችንም የመረጠው ይህንኑ ነው፤ የተወሰደበት ቦታ ለጊዜው እንደሚያመው ተነግሮት ተስማምቷል።

እንግዲህ እኅቶቻችን ሆይ፣ ብልሃቱ ቢረቅም የቤቱ ድርሻ አልቀረም። ሲጋራውን አስጥሉት፤ ከሽሮውና ከምስሩ ጋር እንቁላልና ወተት ሲገኝ አቅርቡለት፤ የራጅ ቀጠሮው አይለፈው። ወጌሻ አጥብቆ ያሠረው እግር ጣቱ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ማሠሪያውን ሳትውሉ ሳታድሩ ፍቱና ወደ ሐኪም አድርሱት። የዘገየ አጥንት በትዕግሥት ይጠበቃል፤ ደም የተቋረጠበት እግር ግን ጊዜ አይሰጥም።