የተወደደ ፊትና የተለወጠ ፍጻሜ

የተወደደ ሰው ባጠፋ ጊዜ የሚፈርድበት አይገኝም፤ ዳኛው ራሱ ጠበቃ ይሆንለታልና። ይህን ነገር ብዙ ዘመን በሽምግልና ተቀምጠን ሳናስተውለው ኖረን፥ በአንድ ሲኒማ ምክንያት ተረዳነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት ከባለቤታችንና ከሴት ልጃችን ጋር በቤታችን ሆነን «ጥርጣሬ» የተባለውን ፊልም ተመለከትን። ፊልሙን አልፍሬድ ሂችኮክ በ1941 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ያዘጋጀው ሲሆን፥ ታሪኩ የተወሰደው ፍራንሲስ አይልስ በሚል የብዕር ስም በ1932 ከታተመ የእንግሊዝ ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው። ሊና የተባለች ዓይነ አፋር የጄኔራል ልጅ፥ ጆኒ የሚባለውን ጨዋታ ዐዋቂና ገንዘብ አባካኝ ሰው የወላጆቿን ፈቃድ ሳትጠብቅ ታገባለች። እርሱም ሥራ የሚጠላና በፈረስ እሽቅድምድም የሚወራረድ ነው፤ አማቱ የሰጧቸውን ኹለት የከበሩ ወንበሮች እንኳ ሸጦ ተጫወተባቸው።

ጆኒን ኾኖ የሚጫወተው ሕዝብ በአስቂኝ ሥራዎቹ እጅግ የወደደው ካሪ ግራንት ነው። ስለዚህ ወንበሮቹ በተሸጡ ጊዜ እኛ ሳቅን። በጨለማው ደረጃ ለሚስቱ ወተት ይዞ ሲወጣ ግን ሳቃችን ቀረ፤ ሂችኮክ ዓይናችን ከብርጭቆው እንዳይለይ ብሎ በወተቱ ውስጥ ትንሽ መብራት አኑሮበታልና። ይኹን እንጂ ወተቱ ሳይጠጣ አደረ፤ በመጨረሻም ባልየው ሊያጠፋ ያሰበው የራሱን ሕይወት እንጂ የእርሷን አለመኾኑ ተነገረና ኹለቱ አብረው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እኛም ደስ አለን።

መጽሐፉን ያነበበችው ልጃችን ግን ደስ አላላትም። በመጽሐፉ ባልየው በእርግጥ ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ሚስቲቱም እያወቀች ከፍቅሯ ጽናት የተነሣ መርዙን ትጠጣለች። ሂችኮክ በ1962 ለፍራንሷ ትሩፎ እንደ ነገረው፥ በፊልሙ ፍጻሜ እርሱ ራሱ አልተደሰተበትም፤ ካሪ ግራንትን ያህል የተወደደ ሰው ነፍሰ ገዳይ ኾኖ ሊታይ አይቻልም ነበርና። ቀድሞም በ1927 «ተከራዩ» በተባለው ፊልሙ፥ ዝነኛው አይቨር ኖቬሎ ስለ ተጫወተበት እንዲሁ ተከራዩን ንጹሕ ማድረግ ግድ ኾኖበታል። ዝነኛው ሰው ገበያውን ያደምቃል፤ ነገር ግን ደራሲው የጻፈውን ፍርድ ይሽራል።

ልጃችንም፥ «አባባ፥ ይህን ሥራ የሠራው ፊቱን የማያውቁት ሰው ቢኾን ኖሮ፥ ገና ወንበሮቹ ሲሸጡ ይፈርዱበት አልነበረምን?» አለችን። መልስ አጣን።

በዚያው ሰሞን አንድ መልከ መልካምና ንግግር ዐዋቂ ጐልማሳ የእኅታችንን ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ልኮ ነበር። ይህ ሰው ከእኛ ኹለት ጊዜ ገንዘብ ተበድሮ በቀጠሮው አልመለሰም፤ እኛ ግን በፈገግታው ተሸንፈን «ልጅነት ነው» እያልን አለፍነው፤ ለእኅታችንም ሠወርናት። ከዚያ ሌሊት በኋላ ነገሩን ለእናትም ለልጅም ገለጥንላቸው። የእኅታችን ልጅ ብዙ ካሰበች በኋላ ሠርጉ ለአንድ ዓመት እንዲቈይ፥ እርሱም በዚሁ ጊዜ ዕዳውን እንዲከፍል ጠየቀች። እኅታችን እስከ ዛሬ ድረስ አኵርፋናለች።

ጐልማሳው እንደ መጽሐፉ ይኹን ወይም እንደ ፊልሙ፥ ገና አልታወቀም። ጥርጣሬ ብቻውን ፍርድ ስላልኾነ አልኰነንነውም። ነገር ግን ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ የሰውን ሥራ ስትመዝኑ ያንኑ ሥራ ፊቱን የማትወዱት ሰው ሠርቶት ቢኾን ምን ትሉ እንደ ነበር አስቀድማችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። በሲኒማ ፍጻሜውን አዘጋጁ ይለውጠዋል፤ በቤት ግን የሚጠጣው ብርጭቆ በልጆቻችን እጅ ነው።