ከብየዳው ጎን

አባቴ አዲስ አበባ ሳለ ለዓመታት በያጅ ነበር፤ የበርና የመስኮት ብረት ይሠራ ነበር። እዚህ ግን ሙያውን የሚያሳይ ወረቀት ስላልነበረው አሌክሳንድሪያ አንድ ጋራዥ ውስጥ ጎማ ይቀይራል። ባለፈው ቅዳሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ አብሬው ሄጄ ነበር። ጋራዡ ስንደርስ ኮሌጅ ላብራቶሪ ውስጥ የበየድነውን አልሙኒየም በስልኬ አሳየሁት።

«ኤሌክትሮዱስ?» አለኝ። በሰበቃ የሚሠራ ብየዳ መሆኑን አስረዳሁት። በ1991 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የተፈለሰፈ ነው። ጠንካራ ዘንግ እየተሽከረከረ ሁለት ላሜራዎች የሚገጥሙበት መስመር ውስጥ ይገባል። አልሙኒየሙ በሰበቃው ሙቀት ሳይቀልጥ እንደ ሊጥ ለስልሶ ይቀላቀላል። ናሳ ትልልቅ የሮኬት ነዳጅ ታንኮችን የሚበይደው በዚህ ዘዴ ነው።

«የኛ ብየዳ ከራሱ ከአልሙኒየሙ ይበልጣል» አልኩት በኩራት። «በማሽን ስንጎትተው የተበጠሰው ከብየዳው ጎን ነው።» ሪፖርቴም ላይ እንደዚሁ ጽፌ ነበር።

አባቴ ፎቶውን አጉልቶ አየውና «ያልተበየደውንስ ጎትታችሁታል?» አለኝ።

አልጎተትንም።

«ጎኑን ያደከመው ራሱ ብየዳው ቢሆንስ?»

ሰኞ ያልተበየደ ላሜራ ጎተትን። ከተበየደው በጣም የበለጠ ኃይል ቻለ። መምህራችን ምክንያቱን አብራሩልን። የተጠቀምንበት 6061-ቲ6 የሚባለው ቅይጥ ጥንካሬውን የሚያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ሲታከም ከሚፈጠሩት የማግኒዚየምና የሲሊከን ደቃቅ ቅንጣቶች ነው። ዘንጉ ባለፈበት መሐል ላይ የአልሙኒየሙ ክሪስታሎች ተሰባብረው ይደቅቃሉ፤ ይህ በተወሰነ ደረጃ ያጠነክረዋል። ከጎኑ ያለው ግን ሙቀቱ ብቻ ነው የሚደርሰው። እዚያ ቅንጣቶቹ ያብጣሉ፣ ቁጥራቸው ይቀንሳል፣ አልሙኒየሙም ይደክማል። ስለዚህ ከብየዳው ጎን መበጠሱ የብየዳውን ጥንካሬ አያረጋግጥም። መለኪያው ያልተበየደው ላሜራ ነው።

ዓረፍተ ነገሬን ሰረዝኩት። በምስጋናው ገጽ ላይ ደግሞ፣ ያልተበየደውን እንድንጎትት ያሳሰበን አባቴ መሆኑን ጻፍኩ።

ማታ አነበብኩለት። ስለ ምስጋናው ምንም አላለም። «በስንት አነሰ?» ብቻ ነው ያለኝ። ግራፉን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።