የጭልሞ ድርሻ

ልጅ ሳለሁ ከጊንጪ ገበያ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው የሚያየው ጭልሞ የሚባል ጥቁር ደን ነበር። ከአጎቴ ጋር በፈረስ ስንሄድ ጭልሞ ጫፍ ላይ እንወርዳለን፤ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ቅርንጫፉም ፊት ይገርፋል። ውስጡ በቀትር ይበርዳል። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ጥቁር እንጨቱ ተጋፍተው ቆመዋል። ጉሬዛዎች ነጭ ጸጉራቸውን እያውለበለቡ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ፣ አጎቴ «ብታይም በጣትህ አትጠቁም» ይለኝ ነበር። የጉሬዛ ቆዳ ፈላጊ በበዛበት ዘመን ምክሩ ከንቱ አልነበረም።

በ1974 ዓ.ም. አካባቢ የደኑ ስፋት 22,000 ሄክታር ገደማ ነበር ይባላል። ደርግ ሲወድቅ የቀረው 6,000 ያህል ነው። ደኑ የመንግሥት ነው ተብሎ ዘበኛ ስለቆመለት፣ አጠገቡ የተወለደው ገበሬ ተደብቆ የሚገባ ሌባ ሆነ። ዘበኛው በለውጡ ሰሞን ሲጠፋ መጥረቢያው በጠራራ ፀሐይ ወጣ። የጽድ ምሰሶ በአህያ ተጭኖ፣ ጫፉ መሬት እየጫረ ወደ ከተማ ሲወርድ ዓይኔ ላይ አለ። በዚያ እንጨት ቤት የሠራነው የከተማ ሰዎች ነን፤ ደን ጨረሰ ተብሎ የሚወቀሰው ግን ገበሬው ብቻ ነው።

የተረፈውን ያዳነው ያው የተወቀሰው ገበሬ ነው። በ1988 ዓ.ም. ገደማ ፋርም አፍሪካ በተባለ የእርዳታ ድርጅት ድጋፍ አሳታፊ የደን አስተዳደር ተጀመረ። ነዋሪው በማኅበር ተደራጅቶ ከመንግሥት ጋር ውል ገባ። ምን እንደሚቆረጥ፣ ምን እንደማይነካ አብሮ ይወስናል፤ ደኑንም ይጠብቃል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች አደባባይ የወጡት ደኑና የኳስ ሜዳቸው ለባለሀብት ሊሰጥ ነው ብለው ነበር። እንዲህ የሚቆረቆርለት ትውልድ ማግኘቱ ያኮራኛል።

ጭልሞ ከአዋሽ ወንዝ መነሻዎች አንዱ ነው። አዋሽ ፓርክ ሳላ ሊያይ የሄደ ሁሉ ፏፏቴው ሥር ፎቶ ይነሣል፤ ውሃው ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ለፓርኩ የመግቢያ እንከፍላለን፤ ምንጩን ለሚጠብቀው ገበሬ ግን ምስጋና እንኳ አናደርስም።

ለባለሥልጣኖቻችን አንድ ልመና አለኝ፦ ከጭልሞ ገበሬ ጋር የተገባው ውል ሹም በተለወጠ ቁጥር አይናጋ።