እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ እና የአንድ ሌሊት ሩጫ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ጨጓራና አንጀት መድማት ነው። ከምክሩ በፊት ግን አንድ የተረኝነት ሌሊቴን ላውጋችሁ። የታካሚውን ማንነት የሚጠቁሙ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።

ልደታ አካባቢ ባለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነበርኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ በአርባዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው ባለቤቱ ደግፋው ከአብነት በታክሲ መጣ። ሁለት ጊዜ ደም አስመልሶታል። ፊቱ ገርጥቷል፣ እጁ ቀዝቅዞ ያልበዋል። የትሪያጅ ነርሷ ለካችው፦ የልብ ምት 130፣ የላይኛው የደም ግፊት 80። ካርድ እስኪወጣ አልጠበቀችም፤ «ዶክተር፣ ቀይ ነው!» ብላ ጠራችኝ።

አንዷ ነርስ በሁለቱ ክንዶቹ ላይ ወፍራም ካኑላ አስገብታ ፈሳሽ ጀመረች። ሌላዋ ኦክስጅን አደረገችለት። የደም ናሙና ተቀዳ። ኢንተርኑን በስሙ ጠርቼ «ናሙናውን አንተ ራስህ ለላብራቶሪ አስረክብ፤ ስታስረክብ ደውልልኝ» አልኩት። «እኔ አስረክባለሁ፣ እደውላለሁ» ብሎ ሮጠ።

ይህን ያህል የምጠነቀቀው ለምን መሰላችሁ? ኢንተርን ሳለሁ፣ በሌላ ሆስፒታል፣ እንዲሁ ደም የሚያስመልስ ታካሚ አጥተናል። ማናችንም አልሰነፍንም፤ ሁላችንም እየሮጥን ነበር። ግን የደም ናሙናው ጠረጴዛ ላይ ቀርቶ ነበር። ነርሷ «ኢንተርኑ ይወስደዋል» ብላለች። እኔ «ተላላኪው ወስዶታል» ብያለሁ። ደሙ ሲደርስ የሚሰጠው ሰው አልነበረም። ያቺ ትንሽ ብልቃጥ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም።

ወደዚያ ሌሊት ልመልሳችሁ። የእኔ ዋና ሥራ መጠየቅ ነበር። «ሰገራው ምን ይመስላል?» አልኩ። ባለቤቱ ዝም አለች። እሱ ራሱ በደከመ ድምፅ «ሦስት ቀኑ ነው፤ እንደ ሬንጅ ጥቁር ነው። ለማን ይነገራል ብዬ...» አለ። ባለቤቱ ከኪሱ ግማሹ ያለቀ የዳይክሎፌናክ ማሸጊያ አወጣች። ለወገቡ ሕመም ከወር በላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲውጥ ነበር። የጉበት ሕመም እንደሌለበትም ነገረችን። ይህን መጠየቃችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሄፓታይተስ ወይም በቢልሃርዝያ ጉበቱ በተጎዳ ሰው ላይ የሚደማው የጉሮሮ ቱቦ ደም ሥር ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም ይለያል።

ሄሞግሎቢኑ 5 ነበር። የላብራቶሪ ባለሙያው ደሙን አመሳክሮ አዘጋጀ፤ ተላላኪው ይዞት መጣ። ፋርማሲስቱ በደም ሥር የሚሰጠውን ኦሜፕራዞል አቀበለን። ሲረጋጋ፣ ጠዋት የኢንዶስኮፒ ቡድኑ ገባ፤ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ የሚደማ ቁስል አገኙ። አድሬናሊን ወግተው፣ የሚደማውን ሥር በክሊፕ ዘጉት።

በስድስተኛው ቀን ሊወጣ ሲል «ዶክተር፣ አንተ ነህ ያተረፍከኝ» አለኝ። እውነቱን ነገርኩት፦ እኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮ አትተርፍም ነበር። ከመካከላቸው ደግሞ ፈጽሞ የማታገኛቸው ሦስት ሰዎች አሉ፤ ደማቸውን የሰጡህ።

ውድ ተከታታዮቼ፣ የዚህ ሩጫ የመጀመሪያው ሰው ሐኪሙ አይደለም፤ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ፦

1. ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረና ካጣበቀ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካስመለሰ፣ «እስኪነጋ» አትበሉ። አዲስ አበባ ላይ 907 ወይም 939 ደውሉ፤ ካልሆነም ባገኛችሁት መኪና ቶሎ ኑ። የአይረን ኪኒንም ሰገራ ያጠቁራል፤ ቢሆንም ሐኪም ይወስን።

2. ወተትም ሆነ ተልባ አትስጡ። በአፍ ምንም አይግባ። እያስመለሰው ከደከመ በጎኑ አስተኙት።

3. የሚወስደውን መድኃኒት ከነማሸጊያው ይዛችሁ ኑ። አስፕሪንም፣ ደም ማቅጠኛም፣ አልኮልም ቢሆን አትደብቁን። ስለ ሰገራ መናገር ነውር አይደለም።

4. ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የመሳሰሉ ማስታገሻዎችን ያለ ሐኪም ምክር ለብዙ ቀን አትውሰዱ። የጨጓራ ሕመም ካለባችሁ ኤች ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ተመርመሩ፤ ከተገኘ መድኃኒቱን ሳታቋርጡ ጨርሱ።

5. ዕድሜያችሁ ከ18 እስከ 65፣ ክብደታችሁ ከ45 ኪሎ በላይ ከሆነና ጤነኛ ከሆናችሁ በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ትችላላችሁ። በዚያ ሌሊት ደሙ ባይኖር የሁላችንም ሩጫ ከንቱ ነበር።

በቤታችሁ ለወገብ ወይም ለጉልበት ሕመም ኪኒን የሚውጥ አባት ወይም እናት አለ? ዛሬ ማታ አንዲት ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ «አባዬ፣ እማዬ፣ ሰገራችሁ ጠቁሮ ያውቃል?»

ለምትወዷቸው ሼር አድርጉላቸው። ጤናችሁ ይብዛ!